«ዱቤ የለም» ከሚለው ካርቶን ሥር

ከቤቴ ማዶ ባለችው ሱቅ መስኮት ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ጽሑፉ ከፀሐይ ብዛት ወይቧል። ከካርቶኑ ሥር፣ ከሚዛኑ ጎን፣ ጫፍ ጫፉ የተጣጠፈ ደብተር ይቀመጣል፤ እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በሲባጎ ታስሯል። የዱቤ ደብተር ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳሙና ልገዛ ጎራ ስል ባለሱቁ ሒሳብ ሲያመሳክር ደረስኩ። ደብተሩ ሁለት ፊት አለው። ከፊት ሲገለጥ የሱቁ ዕዳ ያለባቸው ሰዎች፣ ተገልብጦ ከኋላ ሲገለጥ ደግሞ ሱቁ ራሱ ያለበት ዕዳ። የሰው ስም እምብዛም አይታይበትም። «ፀጉር ቤቷ»፣ «ልብስ ሰፊው»፣ «ሽሮ ቤት»፣ «የጎሚስታው ልጅ» ይላል። ከተበዳሪው ገሚሱ ራሱ ነጋዴ ነው። በጀርባው በኩል «እንጀራ»፣ «ዳቦ ቤት»፣ «እንቁላል» ተብሎ ተጽፏል።

ይኸን እያየሁ እንጀራ ጋጋሪዋ ገቡ።

«እትዬ፣ ከትናንቱ አራት ተርፏል» አላቸው።

«መልሰው፣ ለድርቆሽ ይሆነኛል። የዘይቱን ግን ቅዳሜ ነው የምሰጥህ።»

«ይሁን። ብቻ ቅዳሜ ዕቁብ አለብኝና እንዳይቀሩብኝ።»

ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ግን ሦስት ዓይነት ፋይናንስ አለ። ዘይቱ የአጭር ጊዜ ብድር ነው። እንጀራው ተሸጦ የሚከፈል ስለሆነ፣ ያልተሸጠውም ስለሚመለስ፣ ባለሱቁ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ መደርደሪያውን ሞልቷል፤ ኪሳራውን የሚሸከሙት ጋጋሪዋ ናቸው። ዕቁቡ ቁጠባ ነው። ጋጋሪዋም በበኩላቸው የጤፍ ዱቄቱን ከወፍጮ ቤቱ ወስደው ሳምንቱ ሲያልቅ ይከፍላሉ፤ ወፍጮ ቤቱም ከእህል በረንዳ ደንበኛው ጋር የራሱ ደብተር አለው።

«የሰፈር ንግዶች ይደጋገፉ» ሲባል ብዙ ሰው በጎ አድራጎት ይመስለዋል። ለጎረቤት ብሎ ውድ ዕቃ መግዛት፣ ለአንዲት ምስኪን ሴት ማዘን። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ ይልቅ የብድር ጉዳይ ነው እላለሁ። ትንሹ ነጋዴ የሚኖረው በሌላው ትንሽ ነጋዴ ገንዘብ ነው። ወለድ የማይታሰብበትና መያዣ የማይጠየቅበት ብድር ነው፤ የቆመውም ሰዎቹ በየቀኑ ስለሚተያዩ ነው።

ባንክ ይኸን ሥራ ለምን አይሠራም? ክፉ ስለሆነ አይደለም። የ50 ሺሕ ብር ብድር ለማጣራት የሚፈጀው ጊዜ የ50 ሚሊዮኑን ያህል ባይሆንም ከሚገኘው ወለድ ጋር ሲነጻጸር አያዋጣም። ባለሱቁ ግን ሽሮ ቤቷ ዛሬ ስንት ደንበኛ እንዳስተናገደች ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል። ባንክ በዚህ ዕውቀት ፈንታ ብዙውን ጊዜ ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ይጠይቃል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ የሱቅ ዕቃም ሆነ ተሰብሳቢ ሒሳብ መያዣ ሊሆን ይችላል። በሕግ ቋንቋ ያ በሲባጎ የታሰረው ደብተር ሀብት ነው። በብድር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ግን ደብተር ነው። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቶ ነበር። የሚሰጠው ብድር በጣሪያ ሲወሰን ባንክ መጀመሪያ የሚያስተናግደው ትልቁን ደንበኛውን ነው፤ ትንሹም ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

ስለ ዕቁብ ሁላችንም እናውቃለን ብለን ሒሳቡን ሳንሠራው የቀረን ይመስለኛል። ሃያ ነጋዴዎች በየሳምንቱ አምስት አምስት ሺሕ ብር ይጥላሉ እንበል፤ ዕጣው 100 ሺሕ ብር ነው። እያንዳንዳቸው መቶ ሺሕ ብር የሚያወጣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። ለየብቻቸው ቢቆጥቡ ሃያውም ማቀዝቀዣ የሚገዙት በሃያኛው ሳምንት ነው። በዕቁብ ግን አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላው በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ በአማካይ አሥር ሳምንት ተኩል ጠብቀው ያገኛሉ። ከመጨረሻው ሰው በቀር ሁሉም ቀደመ፣ የመጨረሻውም አልዘገየም። ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቴፈን ኮትና ግሌን ላውሪ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1993 እ.ኤ.አ. ይኸንኑ በቀመር አሳይተው በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው አሳትመውታል። የመርካቶ ሰው ቀመሩን ሳይጠብቅ ሲጥል ኖሯል።

አደጋው ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው መጣሉን ቢያቆም ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ የኖሩት ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ዋስ ግን ያው ሰፈሩ ነው። ዕቁብ የበላ ሰው ነገ እንጀራ በዱቤ የሚሰጠው አያገኝም።

ሌላው አደጋ የዋጋ ንረት ነው፤ ይኸኛውን ዳኛም አይመልሰው። በ2014 የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት፣ ዓመት ሙሉ የሚጣል ዕቁብ የመጨረሻ ዕጣ የደረሰው ሰው እጁ የገባው መቶ ሺሕ ብር የሚገዛለት መጀመሪያ ላይ በ77 ሺሕ ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ቀሪውን ሳያውቁት ቀድመው የወሰዱት በልተውታል። ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው አባል ቀንሶ ሲሸጥም እናያለን፤ በበር የተከለከለ ወለድ በመስኮት ገባ ማለት ነው። በበኩሌ አላወግዘውም። ዋጋው ለሁሉም በግልጽ ከተነገረ የቸገረውን ከአራጣ አበዳሪ ያድነዋል። ነገር ግን የዋጋ ንረት ባለበት ዘመን ዓመት የሚፈጅ ዕቁብ አይመከርም። የአባላቱ ቁጥር አንሶም ቢሆን ዙሩ በሦስት ወይም በአራት ወር ቢያልቅ ይሻላል።

ደብተሩ ራሱ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ያየነው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ ነው። የውጭ ምንዛሪ ገበያ መር ሲሆን በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዱቤ የሚሰጥ ሰው የሚያሰላው የገዛበትን ዋጋ አይደለም፤ የሚተካበትን ነው። ዘይቱን ዛሬ ሰጥቶ ገንዘቡን በወሩ ቢቀበል፣ በዚያ ገንዘብ ሌላ ዘይት መግዛት አለመግዛቱን የማያውቅ ጅምላ ሻጭ «ጥሬ ብር» ማለቱ አይቀርም። ከላይ ያለው እጁን ሲጨብጥ ቸርቻሪው ይጨብጣል፣ ቸርቻሪው ሲጨብጥ ጋጋሪዋ ይጨንቃቸዋል። የሰፈር መደጋገፍ ሁሉንም አንድ ላይ የሚመታ ዱላ አይችልም፤ የሚችለው ተራ በተራ የሚመጣውን ነው።

ታዲያ በሰፈር ደረጃ ምን ይደረግ? ካየሁት የሚሻለው አብሮ መጫን ነው። አራት ባለሱቆች ለየብቻቸው መርካቶ ወርደው፣ ለየብቻቸው የጭነት መኪና ተከራይተው፣ አንድ አንድ ካርቶን ሳሙና ይዘው ይመለሳሉ። ኪራዩ በየጉዞው 2 ሺሕ ብር ቢሆን አራቱ 8 ሺሕ ብር አወጡ ማለት ነው። በአንድ መኪና ቢጭኑ ድርሻቸው አምስት አምስት መቶ ብር ነው፤ ከጅምላ ሻጩ ጋር ሲከራከሩም የአራት ሰው ትዕዛዝ ይዘው ነው። ሽርክና አያስፈልገውም፣ ውልም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንዱ የሌላውን የግዥ ዋጋ ለማወቅ መድፈሩን ነው፤ እሱ ነው የሚከብደው። የእኔው ባለሱቅ ከታች ካለው ሱቅ ጋር ይኸን ጀምረው ነበር። በሁለተኛው ወር «እሱ ከእኔ በታች ይሸጣል» ተባብለው ተዉት።

እዚህ ላይ አንድ ድንበር አለ። አብሮ መግዛት ሌላ፣ በመሸጫ ዋጋ ላይ መማከር ሌላ። «ዘይት ከዚህ በታች አንሸጥም» ብሎ መስማማትን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። ከሕጉም ባሻገር የሚጎዱት እዚያው ደብተር ላይ ያሉት ሽሮ ቤትና ጋጋሪ ናቸው።

የሰፈር ነጋዴዎችን የሚለያይ ሌላም ነገር አለ፤ የደረሰኝን ጉዳይ ባጭሩ ልንካው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ምግብ ቤት ወጪ ለማስያዝ ሰነድ ያስፈልገዋል። ከጎረቤት ጋጋሪ የገዛው እንጀራ ሰነድ ከሌለው ወጪው ትርፍ ሆኖ ግብር ይከፈልበታል። ስለዚህ አንድ መንገድ ማዶ ያሉትን እናት ትቶ ደረሰኝ የሚቆርጥ ድርጅት ይፈልጋል። ግብር ሰብሳቢው ሥርዓት መያዝ መፈለጉ ትክክል ነው፤ ለእንደዚህ ያሉት አቅራቢዎች ቀላል የግዥ ሰነድ አሠራር ካላስለመደ ግን ትንሹን ከትንሹ ይለያየዋል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሰፈር መፍረስ ነው። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ፒያሳም ካዛንቺስም ነዋሪዎቻቸውን ሸኝተዋል፤ ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎች ገላን ጉራ ወደተባለ አዲስ ሰፈር ገብተዋል። ከተማ መታደሱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ግን ለሚነሣ ነጋዴ ሒሳብ ሲሠራ የሚቆጠረው ቤቱና ቦታው ነው። ደብተሩ አይቆጠርም። የፊቱ ገጽ ሊሰበሰብ የማይችል ዕዳ ይሆናል፣ የኋላው ገጽ ደግሞ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ማንም የማይሰጠው ብድር። አሥርና ሃያ ዓመት የፈጀ መተዋወቅ በአንድ ጭነት አይጓዝም። የሚነሡ ጎረቤታም ነጋዴዎችን አንድ ላይ፣ አንድ ሕንፃ ሥር መመደብ ለአስተዳደሩ ብዙ ወጪ የለውም።

ባለሱቁን ስንት ተሰብሳቢ እንዳለው ጠይቄው ነበር። ደብተሩን ዘጋና «ጋሼ፣ እሱን አይጠይቁኝ» አለኝ። እኔም ሳሙናዬን ከመውሰዴ በፊት ከፊት ገጹ ላይ ያለብኝን 340 ብር በቴሌብር ላክሁለት፤ ስሜን በእስክሪብቶ ሰረዘው። እርስዎም እንዲህ ያለ ደብተር ላይ ስምዎ ካለ፣ ቅዳሜ የዕቁብ ቀን ነውና ዓርብ ማታ ይክፈሉ።