የተሰበረ ቀንድ ጥገና

ከአዳማ በስተምሥራቅ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ሳላና በሻሸመኔ አቅራቢያ በሰንቀሌ የሚጠበቀው የስዌይን ቆርኬ የሚሸከሙት ቀንድ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዋላዎች ራስ ላይ በየዓመቱ በቅሎ ከሚረግፈው አጥንት የተለየ ሲሆን፣ ኬራቲን ከተባለው የጥፍር ፕሮቲን የተሠራው ሽፋኑ ውስጡ ያለውን አጥንት አልብሶ ሳይረግፍ ይኖራል።

በዚህም ምክንያት ለግድግዳ ጌጥ የሚዘጋጅ የዋላ ቀንድ ሲሰበር ሁለቱ ጫፎች ተሰርስረውና የብረት ዘንግ ገብቶባቸው ኤፖክሲ በተባለ ጠንካራ ማጣበቂያ ሲያያዙ፣ የሳላ ቀንድ ግን አስቀድሞ ሽፋኑ ከአጥንቱ ተላቆ ይጸዳል፣ ይደርቃል፤ ስንጥቁም በማጣበቂያ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በቀለምም ይመሳሰላል።

ይሁን እንጂ የትኛውም ጥገና በሕገወጥ አደን የጠፋን እንስሳ አይመልስምና፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ የቀረው የስዌይን ቆርኬ ቀንድ ከግድግዳ ይልቅ በሕይወት ባለው እንስሳ ራስ ላይ ሊታይ ይገባል።