ኮራል በደጋ ቤት

ከሙከጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሻገር ሰው የጀማን ሸለቆ ሲወርድ የደጋው ጥቁር ድንጋይ ከላይ ይቀራል፤ ከሥሩ አሸዋማው፣ ዝቅ ሲልም ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢውን ያለበሰ ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር ያስቀመጠው ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዙ አዛዥ ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ አቻውን ትግራይ ውስጥ አንታሎ አጠገብ ስላየ፣ እስከ ዛሬ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይባላል። ከውስጡ ቅሪታቸው ከሚገኝ የባሕር ፍጥረታት መካከል ኮራል አለበት። እንግዲህ በመስታወት ገንዳ ኮራል ላሳድግ ብሎ የሚነሣ የደጋ ሰው ለምድሩ ፈጽሞ ባዕድ የሆነ ነገር አላመጣም።

ኮራል ተክል ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። አንዷ ቁራጭ ፖሊፕ የሚባሉ፣ አፋቸው በቀጫጭን እጆች የተከበበ የብዙ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ናት። በብዙዎቹ ዝርያዎች ሥጋ ውስጥ ረቂቅ አልጌዎች ያድራሉ፤ በብርሃን ከሚሠሩት ምግብም አብዛኛውን ለአሳዳሪያቸው ይለግሳሉ። ድንጋያማዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ አጽም ይገነባሉ። እነዚህ ሲጎድሉ ገንዳው ውስጥ ከሚንጠባጠቡት መተኪያዎች አንዱ የኖራ ውሃ ነው። ኬሚስትሪው ከግንበኛው ኖራ ጋር አንድ ቢሆንም የግንበኛው ንጹሕ ስላልሆነ ለገንዳ አይሆንም።

ኮራሎች በባሕር ውስጥ በሚገነቡት ሪፍ ላይ ሙቀቱም ጨዋማነቱም ከቀን ቀን እምብዛም አይለዋወጥም። በእኔ እምነት አዲስ የተገዛ ኮራልን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ስለዚህ ገንዳው ቀድሞ ይዘጋጅ፤ አሞኒያን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በኪሎ ውሃ 35 ግራም ገደማ ሆኖ ይርጋ። ስትገዙም በእርባታ የተገኘ ቁራጭ ምረጡ፤ ሪፉ አይነካም፣ ኮራሉም የገንዳ ኑሮ ያውቃል። ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ስለሚጠበቁ ድንበር ሲሻገሩ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

ኮራሉ ቤት ሲደርስ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ገንዳው ላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ ከነውሃው ወደ ዕቃ ገልብጣችሁ፣ በጉሉኮስ ቱቦ ከገንዳው ውሃ እያንጠባጠባችሁ እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ። ኮራሉ በመንገድ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከሆነ ግን ይህን አታራዝሙት። ከረጢቱ ሲከፈት የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የውሃው አሲድነት ይቀንሳል፣ የተጠራቀመው አሞኒያም ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። የመጣበትን ውሃ ገንዳው ውስጥ አታፍስሱ።

ቀጥሎ ለኮራል በተዘጋጀ የአዮዲን ውህድ፣ በመመሪያው መሠረት ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል። ጠፍጣፋ ትሎች ይረግፋሉ፤ እንቁላላቸው ግን ስለማይሞት ሥሩን እያገላበጣችሁ በብሩሽ ፈግፍጉት። ጓንት አድርጉ። በተለይ ዞአንቲድ የሚባሉት ፓሊቶክሲን የተባለ ለሰው አደገኛ መርዝ ሊኖራቸው ስለሚችል በባዶ እጅ አይነኩም፣ የበቀሉበት ድንጋይም ፈጽሞ አይቀቀልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርሃኑ ላይ ነው። ኮራሉ ያምር ዘንድ በመጀመሪያው ቀን መብራቱ ሥር ይሰቅለዋል። ያልለመደው ኃይለኛ ብርሃን አልጌዎቹን ያውካል፤ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ማመንጨት ይጀምራሉ፣ ኮራሉም ያባርራቸዋል። ያኔ ሥጋው መስታወት መስሎ ነጩን አጽም ያሳያል፤ ነጣ የሚሉት ይህንን ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፣ ግን ተርቧል። ስለዚህ ከገንዳው ግርጌ አስቀምጡት፣ የኤልኢዲ መብራቱን ኃይል ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያም በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። ፖሊፖቹ ለቀናት ተከድነው ቢቆዩ አትደንግጡ። ቦታ እያለዋወጡ መፈተን ማላመዱን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ከጎረቤቱም ስንዝር ያህል ይራቅ፤ አንዳንዶቹ ሌሊት ረጅም እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው ያለውን ይነድፋሉ።

እንደ መንዝ ያለ ደጋ ደግሞ የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ኮራል ደግሞ ሌሊት አልጌዎቹ ኦክስጅን በማይሰጡበት ሰዓትም ይተነፍሳል። ስለዚህ ፓምፑ የውሃውን ገጽ አጥብቆ ማናወጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ከኮራሉ ቀድሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይገዛ፤ ለብርዱ ሌሊትም ገንዳውን የሚሸፍን ወፍራም ብርድ ልብስ ከጎኑ ይቀመጥ።