ቁጥሩ ሲሳሳት መጋዘን የሚታሸገው የእኛ ነው



ዛሬ የማኛና የሰርገኛ ዋጋ ከመለጠፌ በፊት አንድ የቆየ ጥያቄ ላንሳ። በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «መንግሥት ምርት ጥሩ ነው ይላል፣ ገበያው እህል የለም ይላል፣ ማንን እንመን?» ይሄን ለመመለስ ቁጥሩን የሚሠራው ሰው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በመንግሥት ቤት ተቀምጦ የአቅርቦት ሰንሰለቱ የት ላይ ሊበጠስ እንደሚችል የሚተነትን ባለሙያ አለ። ስሙን አንሰማም። ግን የእሱ ሰንጠረዥ ኤክስፖርት ሊያስከፍትም ሊያስዘጋም ይችላል፤ ስንዴ ከውጭ ሊያስገባ፣ መጋዘናችሁ ላይ ፍተሻ ሊያመጣ ይችላል።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ትልቁ ምንጭ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ። የመኸር ናሙና ጥናቱን ሲሠራ የቆጠራ ቦታዎች በናሙና ይመረጣሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ 20 ያህል ገበሬዎች ይወሰዳሉ፤ ማሳቸው ይለካል። ቃዳና ጥማድ ከቀበሌ ቀበሌ ስለሚለያይ የገበሬው ቃል ብቻ አይበቃም። ከዚያ ከተመረጠ ማሳ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቦታ ተከልሎ ሰብሉ ይታጨዳል፣ ተወቅቶ ይመዘናል። «ምሥራቅ ጎጃም ይህን ያህል ኩንታል ጤፍ አመረተ» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ግብርና ነው። ከቀበሌ የልማት ሠራተኛ ተነስቶ በወረዳ፣ በዞን፣ በክልል እየተደመረ ይወጣል። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ አልገጥም እያሉ ሲያከራክሩ ኖረዋል። አንደኛው በናሙና ይለካል፣ ሌላው ከሪፖርት ይደመራል። ሪፖርት የሚጽፈው ባለሙያ ደግሞ ዕቅዱን አሳካ ወይ ተብሎ የሚገመገመው በዚያው ቁጥር ነው። ይሄ ሰውየውን ሌባ አያደርገውም፤ ቁጥሩ ግን ወደ ላይ የሚያዘነብልበት ምክንያት አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች በየወሩ ከከተማ ገበያ የችርቻሮ ዋጋ፣ ከገበሬው ደግሞ የአምራች ዋጋ ይጠይቃሉ። እኛ የምንገባው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አንድ ችግር እንይ። የመኸሩን የቆዩ ጥራዞች ብታገላብጡ ብዙዎቹ የወጡት ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው። የእኛ ገበሬ ግን ከጥር ጀምሮ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለሠርግ፣ ለልጅ ትምህርት እያለ ሸጧል። ቁጥሩ ሲመጣ እህሉ ሄዷል። ስለዚህ ተንታኙ የቆየ የምርት ቁጥርና የትናንት ዋጋ ይዞ የነገን አደጋ ይገምታል ማለት ነው። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

የ1994ቱ በቆሎ

ቡሬና ፍኖተ ሰላም መስመር ላይ የቆያችሁ ነጋዴዎች ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዝናቡ ሰምሮ፣ ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ሠርቶ በቆሎ ተትረፈረፈ። ሰንጠረዥ ላይ ይሄ የምሥራች ነው። ገበያ ላይ ግን በ1994 ዓ.ም. አጋማሽ የበቆሎ ዋጋ እስከ 80 በመቶ ወረደ። የማንሻው ወጪ ከዋጋው በልጦባቸው ማሳ ላይ የተዉት ገበሬዎች ነበሩ። ብድሩን መመለስ ያቃተው ገበሬ በቀጣዩ ክረምት ማዳበሪያ ቀነሰ። በዚያው ክረምት ዝናብ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

የምርቱ ቁጥር ውሸት አልነበረም። የጎደለው «ይሄ ሁሉ በቆሎ በየት ይወጣል? ማን ይገዛዋል? የት ይከማቻል?» የሚለው ነው። መውጫ የሌለው ጥጋብም አደጋ ነው።

ከዚያ ውድቀት ትምህርት ተወስዶ ነው ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የተከፈተው። መጀመሪያ የታሰበው ለእህል ነበር፤ ኋላ ቡናና ሰሊጥ ያዙት። እህሉ እስከ ዛሬ የሚሄደው በእህል በረንዳና በእኛ በደላሎች ስልክ ነው። ስለዚህ ተንታኙ የቡናን ዋጋ ከሰሌዳ ያነባል፤ የጤፍን ዋጋ ግን ከሰው አፍ ይለቅማል።

«እህሉ የት ገባ?»

የ2000 ዓ.ም. ታሪክ ተቃራኒው ነው። መንግሥታዊ ቁጥሮች ምርት በየዓመቱ እያደገ ነው ይላሉ፤ የእህል ዋጋ ግን ሰማይ ነካ። ሐምሌ 2000 ላይ አጠቃላይ የዋጋ ግሽበቱ ከ60 በመቶ በላይ ሆነ። ምርት አለ እየተባለ መንግሥት ስንዴ ከውጭ ገዝቶ ለከተማ ነዋሪ በቀበሌ አከፋፈለ። አንዳንዱ ገንዘብ ገበያው ውስጥ በዛ አለ፤ ሌላው የዓለም ዋጋ ነው አለ፤ ገበሬው አቅም አግኝቶ እህሉን ያዘ ያለም ነበር። ተመራማሪዎች ደግሞ የምርት ቁጥሩ ራሱ ተጋንኖ ይሆን እንዴ ብለው ጠየቁ።

እነዚህ ሁሉ ጥናት የሚፈልጉ መልሶች ናቸው። ያለ ጥናት የሚመጣው መልስ ግን አንድ ነው፦ «ነጋዴ ደበቀው።» ልብ በሉ፣ ሰንጠረዡ እህል አለ ካለና ገበያ ላይ ከሌለ፣ ቁጥሩ አይከሰስም፤ የሚከሰሰው ነጋዴና ደላላ ነው። የእህል ኤክስፖርት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ታግዶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ፣ አንዳንዱ ዕቃ ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ከወራት በኋላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ። ገበያውን በትክክል ያላየ ቁጥር ዞሮ የሚመጣው በእኛ በር ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከማርቆስ እስከ እህል በረንዳ

ጥሩ ተንታኝ ዋጋውን ብቻ አይጽፍም፤ በሁለት ገበያ መካከል ያለውን ልዩነት ያያል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ማርቆስ ላይ አንድ ኩንታል 100 ብር፣ አዲስ አበባ 110 ብር ይሁን እንበል። ጭነት፣ ጫኝና አውራጅ፣ የእኛ ኮሚሽን ተደምሮ 8 ብር ከሆነ መንገዱ ጤነኛ ነው። በሳምንቱ ማርቆስ 95፣ አዲስ አበባ 125 ከሆነ ጤፍ አልጠፋም፤ የታመመው መንገዱ ነው። አዲስ አበባን ብቻ የሚያይ ሰው «ምርት ቀነሰ» ብሎ ይጽፋል። ማርቆስን ብቻ የሚያይ «ገበያ ረከሰ» ይላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ።

የእኛ መስመር ደግሞ ቀጭን ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። እዚያ የቀድሞው ድልድይና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ ጎን ለጎን ናቸው። ድልድዩ ሁለት ነው፣ መንገዱ ግን አንድ። በቡሬ አድርጎ በነቀምት መዞር ይቻላል፣ ግን ናፍጣውንና ቀኑን አስቡት፤ የዚያም መስመር ፀጥታ ሁልጊዜ አስተማማኝ አልነበረም። የእነማይ፣ የሸበል በረንታ፣ የባሶ ሊበን ጤፍ ለአዲስ አበባ የሚደርሰው በዚህች ቀጭን አንገት ነው። ወደዚህ የሚመጣው ማዳበሪያም ከጅቡቲ ተነስቶ ያንኑ በረሃ ይወርዳል። ማዳበሪያው ሰኔ ላይ ሦስት ሳምንት ቢዘገይ ጉዳቱ የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ በአውድማ ላይ ነው። ተንታኙ ደወሉን መደወል ያለበት ግን ሰኔ ላይ ነው።

ባዶው ሳጥን

በክልላችን ግጭት ከተነሳ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት፣ መረጃ ሰብሳቢ የማይገባበት ቀበሌ አለ። ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ላይ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። አንድ የማውቀው የመንግሥት መረጃ ባለሙያ እንዳጫወተኝ፣ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ባዶውን በጎረቤት ገበያ ዋጋ መሙላት የተለመደ ነው። ግን መንገድ ሲዘጋ የጎረቤት ገበያ ጎረቤት መሆኑ ይቀራል። ባዶውን ባዶ ብሎ ማሳየት ደግሞ አለቃ አያስደስትም፤ «ሥራህን አልሠራህም» ያስብላል። የእኔ እምነት እንዲህ ነው፦ ባዶው ሳጥን ራሱ መረጃ ነው። የማይታወቀውን አማካይ አስመስሎ መሙላት ዛሬ ሪፖርቱን ያሳምረዋል፣ ነገ ግን ቀድሞ ሊታይ የሚችል እጥረት ይሸፍናል።

መጋረጃው

ቁጥር ገንዘብ መሆኑን አሜሪካኖች በ1905 (በእነሱ አቆጣጠር) ተምረውታል። በግብርና መሥሪያ ቤታቸው ያለ አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የጥጥ ምርቱን ግምት ከመውጣቱ በፊት የመስኮት መጋረጃ ከፍና ዝቅ እያደረገ ለውጭ ደላላ ምልክት ይሰጥ ነበር። ተጋለጠ። ዛሬ ዋናው የምርት ግምት የሚሠራው በተቆለፈ ክፍል ነው፣ ስልክ ሳይገባ፤ በዋሽንግተን ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ለሁሉም በአንዴ ይለቀቃል። የቺካጎው ትልቅ ነጋዴና የገጠሩ ገበሬ እኩል ያያሉ።

እኔ ደላላ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር የምበላው ከመረጃ ክፍተት ነው። ሆኖም ማንም በሰዓቱ የማያየው ቁጥር ለእኔም አይጠቅመኝም፤ መጋዘን ሲታሸግ ኮሚሽን የለም።

ቡና ላይ ያላችሁም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (በእነሱ አቆጣጠር) ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አይገባም ይላል። የእያንዳንዱ ማሳ ቦታ በጂፒኤስ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል። ቀኑ ተራዝሟል፣ ጉዳዩ ግን አልቀረም። መረጃው የሌለው ቡና ጥራቱ ቢያምርም ገዢው ያንሳል።

እና ምን እናድርግ?

ከመንግሥት ተንታኞች የምንፈልገው፦
👉 ቁጥሩ ቢዘገይ እንኳ የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ ለሁሉም በአንድ ቀን ይውጣ።
👉 የተለካውና የተገመተው ይለይ፤ ያልተደረሰበት ወረዳ በግልጽ ይጻፍ።
👉 ከምርቱ ጎን የመንገዱ፣ የናፍጣውና የማዳበሪያው ሁኔታ ይቀመጥ።

ከእኛ የሚጠበቀው፦
👉 ቅጽ ይዞ የመጣን ሁሉ የገቢዎች ሰው አድርጎ ማየት ይቅር። «ለግብር ይሆንብኛል» ብሎ ዋጋ ዝቅ አድርጎ የሚነግር ነጋዴ ብዙ አያለሁ። ዝቅ ያለ ዋጋ ሰንጠረዥ ላይ «እህል ሞልቷል» ተብሎ ነው የሚነበበው።
👉 ዩኒየኖች፣ የመጋዘን ክምችታችሁን በየወሩ በጽሑፍ አሳውቁ። ነገ «ደበቃችሁ» ቢባል መልሳችሁ እሱ ነው።
👉 ዋጋ ስትነግሩ የጤፉን ዓይነት፣ የገበያውን ስምና ቀኑን ጨምሩ። «ጤፍ ጨመረ» ብቻ ወሬ ነው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ማንን እንመን? ምርቱን ለማወቅ ማሳ የለካውን፣ ዛሬን ለማወቅ የሁለት ገበያ ልዩነት ያየውን። ሁለቱ ካልገጠሙ ከመግዛታችሁም ከመሸጣችሁም በፊት ደጀን ላይ ላለ ሾፌር ደውሉ።

የማርቆስ፣ የቢቸናና የደጀን ዋጋ ነገ ጠዋት እንደተለመደው። መልካም ገበያ።