አምባዛ፦ ውሃ ሲጎድል የሚበረታው ዓሣ

ሽንሌ ላይ ወንዝ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ደቻቱ ድሬዳዋን ሰንጥቆ ወደዚህ ሜዳ የሚወርደው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው፤ ጎርፉ ካለፈ ግመል የሚነዳበት ደረቅ መንገድ ይሆናል። አገሩ የወተትና የሥጋ አገር ነው። እዚህ ሆኖ ስለ ዓሣ ለሚያወራ ሰው የሚሻለው፣ ድርቅን ከሚችለው ከአምባዛ መጀመር ነው።

አምባዛ በአዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በጣና አለ። ከደቡብ አፍሪካ ወንዞች እስከ ቱርክ ድረስም ይገኛል። ራሱ ጠፍጣፋና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ቆዳው ቅርፊት የለውም፤ አፉን ስምንት ሪዞች ከብበውታል። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ክብደቱም 60 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ክርስቲያኖች በመጽሐፍ ቅዱስ ሕግ አስበው አይበሉትም። እኔ ግን አጥንቱ ጥቂት፣ ሥጋው ወፍራም መሆኑን አይቼ የተናቀው ያለአግባቡ ነው እላለሁ።

ከሌላው ዓሣ የሚለየው ትንፋሹ ነው። ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ አካል አለው፤ በእሱ አማካይነት ከውሃው ወለል ብቅ ብሎ አየር ይስባል። ኩሬ ደርቆ ጭቃ ብቻ ሲቀር ሌላው ዓሣ ሲያልቅ፣ አምባዛ ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ይቆያል። ሌሊት በጤዛና በዝናብ፣ በደረት ክንፎቹ እሾህ እየተደገፈ ከኩሬ ወደ ኩሬ በየብስ የሚሻገርበት ጊዜም አለ።

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች በበጋ ባስና ዎልአይ የተባሉ ዓሦችን የሚያጠምዱ ሰዎች የሚጓጉት ለንጋትና ለምሽት ነው፤ የዎልአይ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን አጥርቶ ስለሚያይ። የአምባዛ ዓይን ግን ትንሽ ነው፤ በጨለማ የሚመራው ሪዙና ሽታ ነው። ስለዚህ መንጠቆ የሚጣለው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማጥመጃውም የሚሸት ነገር ነው፦ የምድር ትል፣ ጉበት፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ። ናይሎን ክሩ ላይ ትንሽ እርሳስ ታስሮ ማጥመጃው ከወንዙ ወለል እንዲያርፍ ይደረጋል። አምባዛ መጀመሪያ በሪዙ ይዳስሰዋል፤ ክሩ በጣት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ ንዝረት ይሰጣል። የቸኮለ ያን ጊዜ ይጎትትና ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ክሩ ተወጥሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ነው መሳብ። ከወጣ በኋላም ከራሱ ኋላ፣ ከደረት ክንፎቹ በስተጀርባ አጥብቆ መያዝ ነው፤ እሾሁ ይወጋል፣ ቆዳው ያሟልጫል።

ዋቢ ሸበሌ ዳር ለሚቆም ደግሞ አዞ አለ፤ በጎዴ አካባቢ ከጠራ ሰማይ በታች ጎርፍም ይመጣል። ውሃው የሚነሳው ከአርሲና ከባሌ ደጋ ስለሆነ እዚያ ሲዘንብ ወንዙ ጎዴ ላይ ይሞላል።

የሽንሌ ሰዎች ካራን የሚሉት ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ ነው። ለአምባዛም ዝናብ ማለት መራቢያ ነው። ውሃ ሜዳ ላይ ሲተኛ ሌሊት ሣር ወዳለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወጣል፤ ሴቷ እንቁላሏን በሣሩ ላይ ትለጥፋለች፣ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል። ወላጆቹ አይጠብቁትም። ዓሣው በብዛትና በቅርበት የሚገኘው በዚሁ ሰሞን በመሆኑ፣ የሚጎዳውም ያኔ ነው፤ በእጅና በዱላ ሳይቀር ይያዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ ነገር ግን በሌሊት ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ ጠባቂ የለውም።

አምባዛ ጠንካራ ነው ብሎ መተው ግን አይበቃም። ከድሬዳዋ ዳገቱን ወጥቶ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ዓሣ የሚጠመድበት ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ለከተማ ውሃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተስቦ፣ ደለልም ሞልቶት ደረቀ፤ ከዓመታት በኋላ ነው ውሃው መመለስ የጀመረው። የምትስቡበት ፓምፕም ሆነ የምትጥሉት መንጠቆ የሚገባው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። በካራን ሆዷ በእንቁላል የተነፋ አምባዛ ከወጣችላችሁ መንጠቆውን በእርጥብ እጅ ነቅላችሁ መልሳችሁ ልቀቋት።