ከፈረሰ ቤት ስለሚገኝ የአሮጌ እንጨት ግምትና ሽያጭ

አሮጌ ቤት በሚፈርስበት ጊዜ ቆርቆሮው ተቈጥሮ፣ በርና መስኮቱ ተመዝግቦ በሐራጅ ይሸጣል፤ ምሰሶው ግን «አሮጌ እንጨት» ተብሎ በጅምላ ለማገዶ ይሰጣል። ይህ ልማድ ባለቤቱንም መንግሥትንም የሚጐዳ ስለ ሆነ፣ ለግምት የሚቀመጡ ሹማምንት ነገሩን እንዲመለከቱት ይህን ጽፈናል።

የቤት ሠሪ ዐይንና የባለ ቶርኖ ዐይን አንድ አይደለም። ቤት ሠሪው ረጅምና ቀጥ ያለውን ይመርጣል፤ እንጨቱን በመኪና እያዞረ በስለት የሚቀርጸው ባለ ቶርኖ ግን ሳህን፣ ዘነዘናና የወንበር እግር የሚያወጣው ከአጭርና ከወፍራም ቍራጭ ስለ ሆነ፣ አንድ ክንድ የማይሞላው ጕማጅ ይበቃዋል። እንዲያውም ፈላጩ «አይፈለጥም» ብሎ የሚጥለው ጉጥ፣ ባላ፣ የወይራም ሥር መልኩ ያማረ ስለሚሆን አስቀድሞ የሚፈለገው እርሱ ነው። ከዚህም ሌላ ርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በጥላ ሥር የተደረደረ ሳንቃ በየ2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል እንደሚፈጅ ይቈጠራል። ከጣሪያ በታች 50 ዓመት የቆመ ምሰሶ ይህን ዘመን ያለ ወጪ ፈጽሞታል። ደግሞም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበርና፣ እንዲህ ያለው እንጨት እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም።

ገማቹ መጀመሪያ የእንጨቱን ዐይነት ይወቅ። ጢስ ያጠቈረው ሁሉ ከውጭ አንድ ይመስላል፤ በቢላዋ ጥቂት ቢላጥ ግን ጽድ ቀላ ብሎ፣ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ይሸታል፤ ወይራም ቡናማ ሆኖ ጠቈር ያለ መስመር ያሳያል። የወይራን ሽታ ጋን ስታጥን የኖረች ባልቴት ከመሐንዲስ ይልቅ ትለየዋለች። ቀጥሎ ይመዘን፤ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ድቡልቡል የደረቀ ወይራ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዋንዛ ቢሆን የዚያን እኩሌታ ያህል ነው።

ነገር ግን አሮጌ መሆኑ ብቻ ዋጋ አያሰጠውም። በመሬት የተቀበረው ጫፍ በመዶሻ ይመታ፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና ነው፤ የታፈነው ውስጡ መበስበሱን ያመለክታል። ከቀዳዳው አዲስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነቀዙ ገና ስላልሞተ ከሌላው ይለይ። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ያለፈውንም ለቶርኖ መሸጥ አይገባም፤ ሲዞር ተፈናጥሮ ሰው ይጐዳልና። ሚስማር ሁሉ በጕጠት ይነቀል፤ ተሰብሮ የቀረ ቢኖር በኖራ ምልክት ይደረግበት።

ሽያጩ ከማገዶው ተለይቶ፣ እንጨቱም ሳይጐመድ ይደረግ፤ የሚፈልገውን ርዝመት የሚያውቀው ገዢው ነው። የማገዶው ዋጋ መነሻ እንጂ መድረሻ አይሁን፤ ወይራ በኪሎ፣ ሳንቃ በስፋቱ፣ ጉጥና ሥር በነጠላ ይገመት። እንጨቱ ከየትኛው ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ቍራጭ ሆኖ እንደ ወጣ የሚገልጽ፣ የወረዳው ማኅተም ያለበት ወረቀት ለገዢው ይሰጠው። ይህ ከሌለ በኬላ ላይ ከደን በስርቆት ከተቈረጠው ጋራ ተቀላቅሎ ይያዛል፤ ወይም ከዚህ በከፋ፣ አዲስ የተቈረጠ ጽድ ጥላሸት ተቀብቶ በአሮጌ ስም ያልፋል። ይህንም ቢላዋው ይገልጠዋል፤ ርጥብ እንጨት ሲላጥ ልጣጩ ሳይሰበር ይጠቀለላል፣ ለእጅም ይቀዘቅዛል።