ያውቁ ኖሯል? ራስ ቅል በኤክስሬይ
የጃፓኑ ቶኤይ ኩባንያ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዘ ስትሪት ፋይተር» የካራቴ ፊልም አሜሪካ ሲገባ «ኤክስ» የሚል ደረጃ ተሰጠው። ምልክቱ ሰው ዘንድ የሚታወቀው በወሲብ ፊልም ነበር፤ እዚህ ግን ምክንያቱ ድብደባው ብቻ ነው። መሪ ተዋናዩ ሶኒ ቺባ የባላንጣውን አናት ሲመታ ምስሉ ድንገት ኤክስሬይ ይሆንና የራስ ቅሉ ሲሰነጠቅ ይታያል። (ዛሬ ከማስደንገጥ ይልቅ ያስቃል።) ፊልሙ ኋላ ላይ ደረጃው ዝቅ እንዲል ተቆራርጧል። ስለዚህ ቤትዎ ሆነው ሊያዩት ካሰቡ ያልተቆረጠውን ቅጂ ይፈልጉ፤ በሌላኛው ብዙው ጠብ ገና ሳይሞቅ ያልቃል። የቺባ አድናቂ የሆነው የፊልም ዳይሬክተር ኩዌንቲን ታራንቲኖ በ2003 «ኪል ቢል» በተባለው ፊልሙ ላይ ሃቶሪ ሃንዞ የተባለውን ሰይፍ ሠሪ አድርጎ አሠርቶታል። ቺባ በዚሁ ስም የሚጠራ ኒንጃ ሆኖ በጃፓን ቴሌቪዥን ከ1980 ጀምሮ ተውኗል።