መዝገብ የሌለው ተራራ፣ ባሕር የሚሻገሩ አእዋፍ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የአመዱ ደመና እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎም እስከ ህንድ ዘለቀ። ተራራው ባለፉት 12,000 ዓመታት ስለ መፈንዳቱ የታወቀ መዝገብ አልነበረም። ይሁን እንጂ መዝገብ አለመኖሩ ተራራው አለመፈንዳቱን አያረጋግጥም። ምናልባት ያየው ሰው አልጻፈው፣ የወደቀውን አመድም የሰበሰበ አልነበረ ይሆናል።

ጉዳዩ በባሕሩ ማዶ ያሉትንም ይመለከታል። በኤደን ከተማ በሼክ ዑስማን ወረዳ ከምትገኘው አል-ሚምዳራ ሰፈር በስተደቡብ የቆመው የሻምሳን ተራራ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። ክሬተር የሚባለው የከተማዋ ክፍልም ስሙን ያገኘው ከተቆረቆረበት የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ስንጥቆች የሚገናኙት በአፋር ነው። ስለዚህ በአፋርና በኤደን የሚሰበሰቡ ማስረጃዎች የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው።

የአእዋፉም ነገር እንዲሁ ነው። በመጸው ወራት ከእስያ የሚነሡ አዳኝ አእዋፍ የመንን አቋርጠው በባብ ኤል መንደብ ወሰን በኩል ወደ አፍሪካ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በጅቡቲ ዳርቻ የቆሙ ተመልካቾች ከ240,000 በላይ አዳኝ አእዋፍን ቆጥረዋል። እንዲህ ያለው ቆጠራ በየዓመቱ በሁለቱም ዳርቻ ቢካሄድና ውጤቱ ቢነጻጸር፣ ቁጥራቸው እየቀነሰ መሆን አለመሆኑንና ጉዳት የሚደርስባቸው በየትኛው የጉዞ ክፍል እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል።

ለመሆኑ መልካም መዝገብ ምን ይዟል? ምን እንደታየ፣ የት፣ መቼና በማን እንደታየ፤ እነዚህ አራቱ ከሌሉ ፎቶግራፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የድንጋይ ፎቶግራፍ ሲነሣ መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ሳንቲም ወይም እርሳስ ማስቀመጥ ይገባል። የእሳተ ገሞራ አመድ ሲወርድ ደግሞ ነፋስና ዝናብ ሳይወስዱት በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ውፍረቱን መለካት፣ ጥቂቱንም በንጹሕና ደረቅ ዕቃ አኑሮ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ ያስፈልጋል። ተመልካቹ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር «ይመስለኛል» ብሎ መመዝገቡ የመዝገቡን ታማኝነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በዓረብኛና በአማርኛ የሚሰበሰቡ መረጃዎችን ለማገናኘት ስሞች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የአማርኛው «ንስር» እና የዓረብኛው «ነስር» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ሆኖም በዛሬው የዓረብኛ የአእዋፍ ስያሜ «ነስር» የሚባለው እኛ ጥንብ አንሳ የምንለው ነው፤ የእኛ ንስር ግን «ዑቃብ» ይባላል። ቃሉን በመልኩ ብቻ የሚተረጉም ሰው አሥር ጥንብ አንሳዎችን አሥር ንስሮች አድርጎ ሊመዘግባቸው ይችላል። መፍትሔው የአካባቢውን ስም እንደተነገረ ጽፎ፣ ከጎኑ ሳይንሳዊ ስሙን ማስፈር ነው።

መረጃን ማካፈል ገደብም አለው። ብርቅዬ ወፍ የምትፈለፍልበትን ጎጆ ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ለአዳኝና ለነጋዴ መንገድ መምራት ነው፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር ለጥበቃ ባለሙያዎች ብቻ ሊደርስ ይገባል። ድንጋይና ቅሪተ አካልም ከቦታቸው ሳይነሡ ቢመዘገቡ ይመረጣል፤ የተገኙበት አፈር ዕድሜያቸውን ይመሰክራልና።

ባሕሩን በየዓመቱ የሚሻገሩትን አእዋፍ ሁለቱም ዳርቻዎች ያዩአቸዋል። ሃይሊ ጉቢም ዳግም ቢፈነዳ የቀደመውን የሚናገር መዝገብ ከእንግዲህ አይታጣም፤ በኅዳር የወደቀው አመድ የት፣ መቼና ምን ያህል እንደነበር ግን የሚታወቀው ያዩት ሰዎች ጽፈው ባቆዩት መጠን ነው።